ውድድሩ ወደ እኛ ይመጣል

ወሬው የተነሳው ከሬዲዮ ነው። የቀትሩ ስፖርት አቅራቢ ዓለም አቀፉ የመኪና ውድድር በሚቀጥሉት ዓመታት ወዴት ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ሲተነትን፣ መጀመሪያ የወደቡን ከተማ ጠራ። እዚያ ውድድሩ የቆየ ስለሆነ ማንም አልገረመውም፤ ውሉ ግን ሊያልቅ ተቃርቧል። ቀጥሎ በረሃ መሐል አዲስ ትራክ የምትገነባ አንዲት ሀብታም አገር ጠራ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «አንድ ያልተጠበቀ ስምም በሹክሹክታ እየተነሳ ነው» አለና የገዛ ከተማውን ስም ጣል አደረገው።

የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኟ በዚያ ሰዓት የመኪናውን ሬዲዮ ከፍታ፣ ዳገት ላይ ከአንዲት ተማሪዋ ጎን ተቀምጣ፣ መኪና ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ማስነሳት እያስተማረቻት ነበር። ተማሪዋ ደንግጣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀችውና ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ።

«እትዬ፣ ሰማሽ? እኛን ጠሩን እኮ!»

«ሰማሁ። መጀመሪያ ፍሬኑን ያዢ፣ ወደ ኋላ እየሄድን ነው።»

እንዲህ ትበል እንጂ ጆሮዋ ሬዲዮው ላይ ነበር። ከሰፈሩ ዳር ያለውን ትራክ ድሮ በግሬደር የደለደለው አባቷ ነው። እሷም ገና ልጅ ሳለች ጀምሮ በአገር ውስጥ ውድድሮች ቀን መታጠፊያው ላይ ቆማ ባንዲራ ታውለበልብ ነበር፤ አደጋ ሲኖር ቢጫውን፣ መንገዱ ሲጸዳ አረንጓዴውን። አድጋ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ከሆነች በኋላም የባንዲራ ሠራተኞቹ አለቃ እሷው ሆነች። ያንን አስፋልት እንደ እናቷ ግቢ ነው የምታውቀው። አንድ ቀን የዓለም ትልልቆቹ መኪኖች ሲያልፉበት ማየት ለማንም ያልተናገረችው ምኞቷ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ እናቷ ቤት ስትሄድ ታላቅ ወንድሟን እዚያ አገኘችው። እሱ የከተማው የሞተር ስፖርት ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ሲናገር እንደ መኪና ስለሚፈጥን በሰፈሩ «አምስተኛ ማርሽ» ይሉታል፤ ስሙን ቢያውቀውም አይቀየምበትም፣ እንዲያውም ይኮራበታል።

«ጋሼ፣ የሬዲዮው እውነት ነው?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

ወንድሟ ጓዳ ወዳሉት እናታቸው ዞር ብሎ ፈገግ አለ፣ ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ውድድሩ ወደ እኛ ይመጣል። ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። ግን አንድ ነገር ይቀራል።»

የሚቀረው ነገር የመጨረሻው መታጠፊያ ነበር። እዚያ ጋ ትራኩና ሰፈሩ በአንድ አጥር ብቻ ነው የሚለያዩት። መኪና መስመር ሲስት ተንሸራቶ የሚቆምበት ባዶ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ውድድሩን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሰዎች ትራኩን ዞር ብለውም አያዩትም። ስለዚህ ከአጥሩ ጋር የተያያዙት ቤቶች መነሳት አለባቸው። ለተነሺዎቹ በአዲሱ መግቢያ በር ፊት ለፊት የተሻለ ቤት ይሠራላቸዋል።

«እኔ ብሄድ አይሰሙኝም» አለ ወንድሟ። «አንቺን ግን ማን እምቢ ይልሻል? የግማሹን ሰፈር ልጆች መኪና ያስነዳሽ አንቺ ነሽ።»

«ቤቱ መሠራቱ የተረጋገጠ ነው?»

«በአባታችን!» አለ ወንድሟ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ነውር መሰላት።

በማግስቱ በየበሩ መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያው በር የአናጢው ነበር። አናጢው በእድሜ የገፉ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሰው ናቸው። የእንጨት ሥራ ቤታቸውን ግድግዳውንም ጣሪያውንም በገዛ እጃቸው ነው ያቆሙት። በትራኩ በኩል ሰፊ መስኮት አውጥተውለታል፤ ውድድር ሲኖር መላጊያቸውን ሳይለቁ አሻግረው ያያሉ። ስትገባ በር እየላጉ ነበር። ሙጫው ምድጃ ላይ ይንተከተካል፣ ወለሉ በፍቅፋቂ ተሸፍኗል።

የመጣችበትን ነገረቻቸው። አናጢው መላጋታቸውን አቁመው ቀና አሉ።

«ይህን ወንድምሽ መጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ ውሻ እለቅበት ነበር።»

«ኧረ አባባ፣ ውሻ የለዎትም እኮ።»

«ከጎረቤት እዋሳለሁ።» ሳቅ አሉና መላጊያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ትያለሽ? እውነት ይመጣል?»

«ይመጣል አባባ። እኔ አለሁ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ፣ ልጄ...» አሉና መስኮቱን አዩት። «መቼም አዲሱ ቤት መስኮት ይኖረዋል።»

አናጢው እሺ ሲሉ ከአጥሩ ጋር የተያያዙት ሌሎቹ ቤቶችም እሺ አሉ። ዶዘሩ የመጣ ቀን ወንድሟ ኮት ለብሶ ፎቶ አንሺ ይዞ ተገኘ። አናጢው መሣሪያዎቻቸውን በጋሪ አውጥተው አንድ ጥግ ቆመው ነበር። የቤታቸው ጣሪያ ሲደረመስ አቧራው ሰፈሩን አለበሰው፤ ፎቶ አንሺው እየተንበረከከ፣ አጥር ላይ እየወጣ አነሳ። ወንድሟ «በዚህ በኩል! ፍርስራሹና ትራኩ አንድ ላይ ይግቡ!» ይል ነበር። አሰልጣኟ አናጢውን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሌላ ሥራ የለውም ተባለ። ፀጉር ቤት ሲገባ ውድድር፣ ታክሲ ሲሳፈሩ ውድድር። ሬዲዮው በየሳምንቱ አዲስ ግምት ያወጣል፤ አንድ ሳምንት በረሃው ይቀድማል፣ አንድ ሳምንት ወደቡ ወድቋል ይባላል፣ በሌላው «የፍርስራሹ ፎቶ በውጭ ጋዜጦች ወጥቷል፣ እነዚህ ሰዎች የምር ናቸው» ይባላል። ሰው ሁሉ የውድድር ሊቅ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ እንኳ፣ መኪና ውስጥ ስትቀመጥ የሚያጥወለውላት ሴት፣ ስለ ጎማ ዓይነት መከራከር ጀመረች። በአዲሱ በር ፊት ለፊት ግን አንድ ድንጋይ እንኳ አልተጣለም። አናጢው መሣሪያዎቻቸውን አማቻቸው ግቢ ሸራ ሥር አድርገው ይጠብቃሉ። አሰልጣኟ ወንድሟን ስትጠይቀው «ገምጋሚው ይምጣ፣ ሁሉም ይጀመራል» ይላታል።

ገምጋሚው መጣ። ከዓለም አቀፉ ማኅበር የተላከ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ለብዙ ዓመት ሲመላለስ ቋንቋቸውን ያቀላጠፈ ጨዋ ሰው ነበር። ትራኩን ካየ በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እንድታደርሰው ወንድሟ አሰልጣኟን ላካት። ሰውየው ከጎኗ ተቀምጦ አነዳዷን አመሰገነ፤ ከዚያ ስለ መጨረሻው መታጠፊያ አነሳ።

«ያፈረሳችሁት ቦታ ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «ፎቶውን የወደቡ ከተማ ሰዎች ሲያዩት ነው የነቁት። ለዓመታት አሻፈረን ያሉትን ሁሉ አሁን እሺ እያሉ ነው። ወንድምዎ ብልህ ሰው ናቸው።»

አሰልጣኟ የሰማችው አልገባትም። «የወደቡ ሰዎች ምን አገባቸው? ውድድሩ ወደ እኛ አይደል የሚመጣው?»

ገምጋሚው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። በቀስታ፣ «ያውቃሉ ብዬ ነበር» አለ። «ትራካችሁ አጭር ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ወደዚህ ማምጣት አልታሰበም። ወደቡ እንዲቸኩል ተፎካካሪ ያስፈልግ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ከወንድምዎ ጋር ተነጋግረናል። በምትኩ እሳቸው ከእኛ ጋር መሥራት ይጀምራሉ።»

አሰልጣኟ መኪናውን ዳር አስያዘች። ስንት ተማሪ «ስትናደዱ አትንዱ» ብላ ያስተማረች ሴት ናት፤ ሞተሩን አጠፋች። ሰውየው ይቅርታ ጠየቃት። ስትረጋጋ አስነሳችና አደረሰችው፤ ሻንጣውንም አውርዳ ሰጠችው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቢሮ ነዳች። ወንድሟ ስልክ እያወራ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችው።

«ምኑን?»

«አትቀልድብኝ። ሰውየው ነግሮኛል። ውድድሩ እንደማይመጣ መቼ ነው ያወቅከው? አናጢው ቤት ከመፍረሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

አምስተኛ ማርሽ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ጠፋው። እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ዝምታው መልሱን ነገራት።

«ታዲያ ቤቱን ለምን አስፈረስከው?»

«ያለ ፎቶ ማን ያምነናል?» አለ ወንድሟ። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ፍጥነቱ ተመለሰለት። «ባዶ ወሬ ወሬ ነው። አፈር ሲቆፈር ሲያዩ ግን ይደነግጣሉ። ስሚ፣ የከተማችን ስም በዓለም ተጠራ። ይህ ቀላል ነገር ነው? እኔም እዚያ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን እውነት አመጣዋለሁ። ለአናጢውም አንድ ነገር እናደርግላቸዋለን።»

«በአባታችን አልክ እኮ።»

«እንዲህ ካላልኩሽ አትሄጂልኝም ነበር።»

ይህቺ ቃል ከሁሉም በላይ አንጀቷን ቆረጠችው። ተሳስቷል፣ ተታልሏል፣ ሥልጣን አጓጉቶታል ብላ ልታስተባብልለት የምትፈልግ አንዲት ጥግ በውስጧ ነበረች፤ ያቺም ጥግ ተዘጋች። ወንድሟ አውቆ፣ አስቦ፣ መርጦ ነው የላካት። ከከተማው ሰው ሁሉ እሷን የመረጠው ስለሚያምኗት ነው።

«ነገ ስብሰባ አለ» አለ ወንድሟ ልትወጣ ስትል። «ሁለተኛው ረድፍ ቤቶችም መፍረስ አለባቸው፤ ወደቡ ገና አልፈረመም። አንቺ ባትናገሪም ግድ የለም፣ ፊት ለፊት ተቀመጪልኝ ብቻ።»

ፊት ለፊት ተቀመጠችለት። የሰፈሩ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከት ነበር። አናጢው ከኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ፣ ቤቷ በሁለተኛው ረድፍ ያለው፣ ከመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ባንዱ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ተናገረ፣ አሳቀ፣ አስጨበጨበ። «ጥያቄ ያለው?» ሲል አሰልጣኟ ተነሳች።

«ጥያቄ የለኝም፣ የምናገረው ነው ያለኝ። ውድድሩ ወደ እኛ አይመጣም።»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ ወንድሟ ዞረ።

«እህቴ ሰሞኑን ደክሟታል» አለ ወንድሟ ፈገግ ብሎ።

«አልደከመኝም። ሊያመጡት አስበውም አያውቁም። ስማችንን የወደቡን ከተማ ለማስደንገጥ ነው የፈለጉት። የአናጢው ቤት የፈረሰው ፎቶ ለማንሳት ነው። ይህን ሊቀመንበሩ ከመጀመሪያው ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር፤ ግን በየቤታችሁ የመጣሁት እኔ ነኝ። ቤታችሁን ለማንም እንዳታስነኩ።»

ጫጫታው እንደ ናዳ ወረደ። አንዱ ወንበር ገለበጠ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ወደ መድረኩ ሄደችና «እውነቷን ነው? ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!» አለች። ሊቀመንበሩ ዓይኗን አላየም። ወረቀቶቹን ሰብስቦ በጎን በር ወጣ። ያን ቀን ቤቱን ለመልቀቅ ማንም አልፈረመም፤ ሁለተኛው ረድፍም እንደቆመ ቀረ።

ሰው አሰልጣኟን እያቀፈ፣ እያመሰገነ ወጣ። እሷ የምትፈልገው ግን አናጢውን ነበር። በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔም ተታልዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አናጢው። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ቁጣ ቢኖራቸው ይሻላት ነበር። «ወንድምሽ እኔን አልካደኝም፤ እሱን መቼ አምኜው! እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።» ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ የወደቡ ከተማ ውሉን ፈረመች። ሬዲዮው ለአንድ ቀን አዘነና በማግስቱ ስለ ሌሎች ከተሞች መገመቱን ቀጠለ። የከተማው ማኅበር ለአናጢውም ለሌሎቹ ተነሺዎችም ምንም አላደረገም። አሰልጣኟ የማስተማሪያ መኪናዋን ታቆምበት የነበረውን ግቢ ልትሰጣቸው ሄደች፤ አልተቀበሏትም። ሁለተኛ ሄደች፣ አልተቀበሏትም። አሁንም አማቻቸው ግቢ ሸራ ሥር ነው የሚሠሩት፤ ዝናብ ሲመጣ ሥራ ያቆማሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ይሏታል፣ «ልጄ» ግን አይሏትም።

ወንድሟ በዓለም አቀፉ ማኅበር ውስጥ ቦታውን ያዘ። ከረጅም ጊዜ በኋላ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ አሰልጣኟ እዚያው ነበረች። በሩን ገፍቶ፣ ስጦታ አንጠልጥሎ፣ ከድሮው በባሰ ፍጥነት እየተናገረ ገባ። እናታቸው እየሳሙት፣ «ያው እህትህም አለች፤ በሉ እንግዲህ፣ የእናታችሁን ቤት አታቀዝቅዙ» አሉ።

አሰልጣኟ ከወንበሯ ተነሳች። ለማታውቀው እንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ» አለችው።

ወንድሟ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እናታቸው አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያዩ፣ «ምን ማለት ነው ይሄ? ወንድምሽን ነው አንቱ የምትይው?» አሉ።

አሰልጣኟ ቦርሳዋን አንስታ እናቷን ግንባራቸውን ሳመችና ወጣች።