ነቂው እና እንቅልፋሙ

ማሪኑስ ውሃው ጥርት ያለ ነው አለ። ጋሼ ቪሰ ደግሞ አሸዋ ይዞ እየወጣ ነው አለ። ሁለቱም ባሕሩን ከሚመክተው ከፊተኛው ግድብ ሥር፣ ከማሪኑስ ግጦሽ ጥግ የሚፈልቀውን ውሃ ዛሬ ከሰዓት በዓይናቸው አይተው ነው የመጡት። ጥርት ካለ፣ ባሕር ሲሞላ ሁሌም የሚያጋጥም ስርገት ነው፤ ሰው ቤቱ ገብቶ የአተር ሾርባውን ይበላል። አሸዋ ከያዘ ግን ባሕሩ የግድቡን ሆድ ከሥር እየበላው ነው ማለት ነው።

ዮዚና መሃላቸው ቆማ ነፋሱን ታዳምጣለች። በማዕበል ጊዜ ግድቡን ከሚጠብቁት ፈቃደኞች መካከል፣ የመንገዱን በር የማስዘጋት ሥልጣን የእሷ ነው። በሩ ማለት አሮጌውን የኋላ ግድብ መንገዱ ሰንጥቆ የሚያልፍበት ክፍተት ነው፤ በወፍራም ሳንቃ ይደፈናል። የአገሩ ሰው የፊተኛውን ግድብ «ነቂው»፣ እሱ ከተሰበረ ብቻ የሚፈለገውን የኋለኛውን «እንቅልፋሙ» ይለዋል። እንቅልፋሙ በጊዜ ከተዘጋ መንደሩ ይተርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን ወንድሟ ማሪኑስ ብቻውን የሚኖርበት የአባታቸው ቤትና ላሞቹ ናቸው። ላሞቹን ለማሻገር ደግሞ ከዚያ በር ሌላ መንገድ የለም።

«ጋሼ ቪሰ እኮ ቢራውም ደፍርሶ ነው የሚታያቸው» አለ ማሪኑስ፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

«አንተ ደግሞ ባሕሩ ጉልበትህ ላይ ቢደርስ ‹ጤዛ ነው› ትላለህ» አለው ሽማግሌው።

«ዮዚ፣ መሬቱ ለባሕር ይለቀቅ ካሉት አንዱ እሳቸው እንደሆኑ ታውቂያለሽ።»

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ።»

«አልረሳሁትም፣ እህት ዓለም።»

ያ የክልሉ የባሕር ዳርቻ ዕቅድ ነበር። ነቂው በየጊዜው ከፍ ከሚለው ባሕር ጋር መወዳደር አቅቶታል፤ ስለዚህ ሜዳው ቀስ በቀስ ለባሕሩ ይለቀቅ፣ ጨዋማ ሣር ይብቀልበት፣ ሣሩም ማዕበሉን ያድክም ተባለ። ለማሪኑስ ከመንደሩ ኋላ ሌላ መሬት ቀረበለት፤ እምቢ አለ። ዮዚና በስብሰባው ቀን ዕቅዱን ደግፋ እጇን ስታወጣ የታያት የመንደሩ ትምህርት ቤት ነበር። አሁን የሚታያት የተወለደችበት ክፍል ነው። ዛሬ በሩን ብታስዘጋ፣ ማሪኑስ ዕቅዱን በማዕበል አሳብባ ፈጸመችው ይላታል፤ ዕድሜ ልኩን። ባታስዘጋ ደግሞ... ሐሳቧን ለመጨረስ ፈራች።

«እንሂድና እንየው» አለች።

በነቂው ጥግ ሲሄዱ እያንዳንዱ ሞገድ ከወዲያ በኩል በመታ ቁጥር መሬቱ በቦቲ ጫማዋ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። ግድቡ ከራሷ በላይ ነው፤ ባሕሩም ከዚያ ወዲያ፣ እሱም ከራሷ በላይ። ላሞቹ ሁሉ ወደ መንገዱ ጠጋ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ እንቅልፋሙ አዙረው ቆመዋል።

ማሪኑስ ምንጩን በአሸዋ ከረጢት ዙሪያውን ከቦታል፤ አባታቸው እንዳስተማራቸው፣ ውሃው በክቡ ውስጥ ከፍ ብሎ ከሥር የሚገፋውን በክብደቱ መልሶ እንዲገፋ። ዮዚና ባትሪዋን አበራች። ውሃው እንደ መስታወት ነው። ትንፋሿ ተመለሰ።

«አየሽ?» አለ ማሪኑስ። ድምፁ የሕፃን ይመስላል።

«እኔ ያየሁት እዚያ አይደለም!» ጋሼ ቪሰ ጨለምለም ካለው በኩል ጮኸ። «ወዲህ ኑ!»

ከክቡ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ግራጫ የአሸዋ ኩይሳ ቆሟል። ከጫፉ ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ በቡለቀ ቁጥርም ኩይሳው ያድጋል። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ነበር። ሲያዩት ሦስተኛው ተነፋ።

ማሪኑስ ተንበርክኮ አሸዋውን በመዳፉ ዘገነ።

«እዚያ ስይዘው ወዲህ ዞረ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አልዋሸሁም፣ ዮዚ።»

«አውቃለሁ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።»

ከግድቡ ሆድ የሆነ ነገር እንደ ሰው አቃሰተ። ዮዚና የማሪኑስን ትከሻ ያዘች። እሱ ክንዷን ጨመቀ።

«ላሞቹን ላሻግር። መጀመሪያ እነሱን፣ ከዚያ ትዘጊያለሽ። በናትሽ።»

መንገዱን አየች። ላሞቹን አየች። ከእንቅልፋሙ ኋላ የመንደሩ መብራቶች አንድ በአንድ እየበሩ ነው። የእጅ ሬዲዮውን አነሳች።

«የበሩ ሰዎች፣ ዮዚና ነኝ። ሳንቃውን አሁን ጀምሩ። ወንድሜንና ጋሼ ቪሰን ይዤ እየመጣሁ ነው። ላሞቹን አትጠብቁ።»