የአያ ዋጋዬ ሁለተኛ ዓይን

መምህር አድማሴ ሥዕል ሲሥል አየሁ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። እኛ ሦስት ክረምት ከሱ ተምረን አላየንም። ሲያወራ ግን አይተናል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም እንጂ ቢጫንማ የሱን ለማጓጓዝ የዳንግላ አህያ ሁሉ አይበቃም ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ለምንሠራ ሠዓሊዎች የክረምት ዲፕሎማ የሚባል ትምህርት ተከፈተ። ሥራችንን ሳንለቅ፣ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ ወርደን እንማራለን፤ በጋውን በየአገራችን እየሣልን በፖስታ እንልካለን። በመጨረሻው ዓመት መምህሩ ራሱ ያለንበት ድረስ ይመጣና ለሕዝቡ የሠራነውን አንድ ትልቅ ሥዕል አይቶ ያሳልፈናል ወይም ይጥለናል። ከእኛ አውራጃ ሁለት ሰዎች ተላክን፤ እኔ ገሠሠ ከዳንግላ፣ ልክየለሽ ደግሞ ከቆሰበር። እኔ መፈክር ጻፊ ነበርኩ፤ ሠዓሊ የተባልኩት ቀለም ስለያዝኩ ብቻ ነው። ልክየለሽ ግን የእውነት ሠዓሊ ናት። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፣ እጇም የሳቸው ነው።

መምህሩ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት ቆይቶ ይዞት የተመለሰው አንድ ያዘመመ የሱፍ ቆብና «ንቃተ ኅሊና» የምትል ቃል ነው። ሁለቱም ከራሱ አይወርዱም። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀና ብዬ አላየሁም» እያለ ክፍል ውስጥ ይፎክርብን ነበር። ልክየለሽ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፍታ እርሳሷን ትቀርጻለች። አንድ በጋ ድንች የሚለቅሙ ሴቶች ሥላ ላከች። ሥዕሉ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ «ተስፋ ይጎድለዋል» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ድንች ለቃሚ ተስፋ ሲኖራት አጎንብሳ አትለቅም ይሆን? እኔ ትራክተር ሣልኩና «ድንቅ!» ተባልኩ። በዚያ ዘመን በቅርብ የማውቀው ትራክተር ቢኖር በጋዜጣ ላይ ያየሁት ነበር።

ለእኔ ዲፕሎማው ጌጥ ነበር፤ ለልክየለሽ ግን እንጀራዋ ነው። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ዲፕሎማ ካላመጣች ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯታል። እናቷንና ልጇን የምታኖረው በዚያች ደመወዝ ነው። ስለዚህ መምህሩ ያለውን ሁሉ «እሺ» ትላለች።

የመጨረሻዋን ሥዕል የሠራችው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለ የገበሬ ማኅበር አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። የማኅበሩ ገበሬዎች ፈረሶቻቸውን ይዘው ወደፊት ሲራመዱ ነው ሥዕሉ። ገበሬዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ቆመውላታል። መምህሩም ከአዲስ አበባ ሳትወጣ ትእዛዙን ሰጥቷት ነበር። «ሁሉም ፊታቸው በጎን ይታይ! ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ነገ ይመልከቱ!» ብሏል።

መምህሩ የእኔን ሥራ ዳንግላ ላይ አይቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ አሳለፈኝ። በማግስቱ ጧት እሱ ገና ሳይነሣ በአውቶቡስ ቀድሜ ወደ ልክየለሽ ሄድኩ። ስደርስ ሥዕሉን የሸፈነችበትን ጨርቅ እያወረደች ነበር፤ ገበሬዎቹም ከነሚስቶቻቸው አዳራሹን ሞልተውታል። መጀመሪያ በፈረሶቻቸው ተደሰቱ፤ አንዱን ከአንዱ እየለዩ በስማቸው ጠሯቸው። ከዚያ ወደ ራሳቸው ፊት ሲደርሱ እርስ በርስ ተያዩ። በዕድሜ ትልቁ፣ አያ ዋጋዬ፣ ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ አያ፣ እርስዎ ነዎት።»

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በወዲያ በኩል ነው፤ አይታይም እንጂ አለ።»

«ምን በድዬሽ ነው?» አሉ አያ ዋጋዬ። ሚስታቸው እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የሆነ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ፊቱ በጎን የተሣለ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የሚገርፈው ነው። አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለዘላለም ከነዚህ ተርታ ተሰልፎ ግድግዳ ላይ ቆሟል። «ፈረሱስ ባንድ ዓይን ይሁን፤ ፈረስ አይኮነንም» አለ አንዱ ከኋላ።

«የአባቴ ልጅ ሆኜ!» አለች ልክየለሽ፣ ፊቷ ዐመድ መስሎ። ቀለሟን አነሣች። ፊቱን ሁሉ አፍርሳ እንዳትሠራ የመምህሩ ላንድሮቨር ከምሳ በፊት ይደርሳል። ስለዚህ አፍንጫውንም አገጩንም እንደነበረ ትታ፣ በየፊቱ ላይ ከአንዱ ዓይን አጠገብ ሁለተኛ ዓይን ጨመረች። ጉድ ነው፣ አይቼ አላውቅም! አያ ዋጋዬ ግን ሥዕሉን በዓይናቸው ሲመዝኑ ቆዩና «ይኸው፣ አሁን እኔ ሆንኩ» አሉ።

መምህሩ ደረሰ። ገና ከበሩ ላይ ጮኸ።

«ይሄ የበሰበሰ የከበርቴ ጥበብ ነው! ፊት እየሰባበሩ ዓይን የሚደራርቡ የምዕራብ ሥራ ፈቶች ናቸው! ማነው ያስተማረሽ?»

«አያ ዋጋዬ» አለች።

መምህሩ ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌ ከእግር እስከ ራስ አያቸውና ወደ እሷ ዞረ። «አሁኑኑ፣ እያየሁሽ አጥፊው። ካጠፋሽው አሳልፍሻለሁ። አለዚያ ወድቀሻል።»

ልክየለሽ ብሩሿን ይዛ ወደ አያ ዋጋዬ ዞረች። ሰውየውን አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። ግን እኔ የትናንት ተመራቂ ነኝ፤ እጄን ኪሴ ከተትኩ። የተናገሩት አያ ዋጋዬ ናቸው።

«እንጀራሽ ከሆነ አጥፊው ልጄ። እኔ እንደሆነ ዓይኖቼ ፊቴ ላይ አሉ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ልክየለሽ ብሩሿን ቀለም ውስጥ ነከረች። ወደ አያ ዋጋዬ ፊት ትሄዳለች ስል፣ ግድግዳው ባዶ ወደሆነበት ወደ ዳር አለፈች።

«ጓድ መምህር፣ ከማጥፋቴ በፊት ያስተማሩኝን እንዳልረሳሁ ላሳይዎት። ከፊታቸው የሚመራ ሰው ይጎድላቸዋል። እባክዎ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ይቁሙልኝ።»

መምህሩ ቆቡን አስተካከለ፤ አገጩን አቀና፤ ደረቱን ነፋ። እሷም ቆቡን፣ አፍንጫውን፣ ማንቁርቱን ቶሎ ቶሎ ሠራች። በመጨረሻ ያችን አንዲት ዓይን አስቀመጠች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ሳል ይዞኝ ነው ብሎ ወጣ፤ ደጅ ሆኖ ሲንከተከት ይሰማናል። አያ ዋጋዬ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱና ለሚስታቸው በአገውኛ አንድ ቃል ሹክ አሏት፤ አማተበች።

መምህሩ ዞሮ ራሱን አየ። ወደደው።

«ይኸውልሽ! ይሄ ነው ጥበብ!» አለ። ግድግዳውን በሙሉ እንደገና ቃኘና ዓይኑ በራ። «ቆይ፣ ገባኝ! ባለ ሁለት ዓይኖቹ አሮጌው ኅብረተሰብ ናቸው፤ ወዲያም ወዲህም እያዩ የሚያመነቱ። ባለ አንድ ዓይኑ ግን አዲሱ ሰው ነው! ከፍተኛ ንቃተ ኅሊና ነው ይሄ። እንዳይነካ፣ እንዳለ ይቆይ!»

እዚያው ቆሞ በማዕረግ ማለፏን ጽፎ ፈረመ። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ፤ እንዲያ ከልቡ ያጨበጨበ ስብሰባ በደርግ ዘመን አላየሁም። እሱም እጅ ነሣ። ስድስት ዓመት ባሕር ማዶ የተማረ ሰው፣ እናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃን የሚያውቀውን ሳያውቅ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

መኪናው ሲርቅ አያ ዋጋዬ ወደ አዲሱ ሥዕል ተጠግተው ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ቁርጥ እሱን ነው» አሉ። «ቀንዱን ግን ረሳሽው።»

«ዲፕሎማው እጄ ይግባ፣ አያ» አለች ልክየለሽ፣ ብሩሿን እያጠበች።