የታካሚዋ ግራ

«ደብተሩን ብቻ ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ሻዩን ገና አልቀመሱትም። «ጥናቱን ለአባትሽ መታሰቢያ እንዲሆን እኔ አሳትመዋለሁ።»

ቤተሰቡ ለቅሶ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟቹ ልጅ ግን እንደ ልማዷ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

አባቷ ተመራማሪ ነበር። ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆችን መንጋጋ በጄሶ እየቀረጸ፣ ከተሰፉ በኋላ የፊታቸው አጥንት እንዴት እንደሚያድግ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለካና በደብተር ሲመዘግብ ኖረ። ልጆቹ «አባባ ጄሶ» ይሉታል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት እኚህ ፕሮፌሰር ደግሞ «ረዳቴ» ይሉታል። በታተመው ጽሑፍ ሁሉ የእሳቸው ስም ይቀድማል፤ የእሱ ከተገኘም መጨረሻ ላይ ነው። ማዕረግ በጠየቀ ቁጥር «ትንሽ ታገሥ» እንደተባለ ጡረታ ወጣ፤ እንደታገሠም ሞተ።

«ለምን አትናገርም?» ብላ ስትጮህበት ይስቅ ነበር።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደብተሩ ይናገራል» ይላታል። ያ ሳቁ ዛሬም ያንገበግባታል። ከሞተ በኋላም ተናደደችበት።

ደብተሩ ላይ የታካሚ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ቁጥር አንድ እሷ ናት። በየልደቷ ቀን ወንበር ላይ ያስቀምጣትና «ግጠሚ እስቲ፣ የኔ ቆንጆ» እያለ የጥርሷን ልክ በጄሶ ይወስድ ነበር።

አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ስጪያቸውና ይሂዱ። ለቅሶ ቤት ጠብ አያምርም።»

ፕሮፌሰሩ ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱትና ለለቀስተኛው ማውራት ጀመሩ። «የመጀመሪያዋን ልጅ የለካኋት በገዛ እጄ ነው። የአራት ወር ሕፃን ናት፤ ስንጥቁ በቀኝ በኩል ነበር። ፎቶዋም አለኝ።»

ቀና አለች። ሻርፗን ከአፏ ላይ አወረደችው። ጠባሳው ከላይኛው ከንፈሯ በግራ በኩል ተነሥቶ ወደ አፍንጫዋ ይወጣል።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አለች። «ስንጥቁም በግራዬ ነው። ቀኝ የሚለው ፎቶውን ፊት ለፊት ያየ ሰው ነው። አባቴ ተማሪዎቹን በመጀመሪያው ቀን ምን ነበር የሚያስተምራቸው? ግራና ቀኝ የታካሚው ነው እንጂ የሐኪሙ አይደለም! እርስዎ አንድም ቀን አፌን አላዩም።»

ከንፈር የሚመጥ ጠፋ።

«የ... የአፍ ወለምታ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ደብተሩ ወለምታ የለበትም። በአባቴ ስም ይታተማል፤ በእሱ ብቻ!»

«ወይ ጉድ!» አለች አክስቷ፣ ጠብ አያምርም ማለቷን ረስታ። «ለካ ረዳቱ እርስዎ ኖረዋል!»

ፕሮፌሰሩ ተነሥተው ወጡ፤ ሻዩ እንደሞላ ቀረ።

ለቀስተኛው ሲወጣ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ከእሷ አፍ የተቀረጹት ጄሶዎች በየዓመታቸው መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ከመጨረሻው ቀጥሎ ለዘንድሮ የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ልደቷ በሚመጣው ወር ነው። ደብተሩን እዚያ አስቀመጠችው። ከዚያም የእሱ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣ አፏን ከፈተች፤ ቀስ ብላም ጥርሷን ገጠመች።