በንጉሡ ሠ የታሰረው ሰው

ሃምሳ አለቃ ጸዳሉ አየነው የዋርካ በር ወህኒ ቤት መዝገብ ያዥ ነበር። ወህኒ ቤት ማለቴን ቢሰማ ይቆጣል፤ «ማረሚያ ቤት በል እንጂ!» ይላል፤ በስም ጉዳይ ቀልድ አያውቅምና። በልጅነቱ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጦ ነበር። ቅኔው አልሆነለትም፤ ፊደሉ ግን አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ቀረ። ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደተባለ ሳይሆን በየትኛው ሀ እንደተጻፈ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ከኋላው «ሐመሩ ሐ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ ደስም ይለዋል።

አንድ ቀን አመሻሽ ግን ከሥራ ወጥቶ የቤቱ ደጃፍ ላይ በሐሳብ ተቀመጠ። ግቢው የተሠራው ለሰማንያ ሰው ነው፤ ያለው ሁለት መቶ ሠላሳ ነው። እስረኛው በጎኑ እንደ ማገዶ ተደርድሮ ያድራል፤ አንዱ ጎኑን ሲያመው «ዙር!» ይባልና ክፍሉ በሙሉ አብሮ ይገላበጣል። ጠባቂዎቹም ቢሆኑ ከታሳሪው የሚሻሉት ቁልፉን በመያዛቸው ብቻ ነው፤ ለመቶ ሰው ሁለት ሆነው ያድራሉ፣ የአንዳንዱ ጫማ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ይህን ሁሉ ጸዳሉ ለዓመታት አይቶ ለምዶታል። የዚያን ቀን የከነከነው ሌላ ነበር።

ሣህሉ ደምሌ የሚባል ገበሬ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የታሰረው ይበቃዋል ብሎ እንዲፈታ አዘዘ። የመፍቻው ትእዛዝ የግማሽ ቀን መንገድ በአውቶቡስ ተጉዞ ደረሰ። ጸዳሉ መነጽሩን አድርጎ ቢያየው «ሳህሉ» ይላል፣ በእሳቱ ሰ። መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ «ሣህሉ» ነው፣ በንጉሡ ሠ። «ሣህል ማለት ምሕረት ነው፤ ምሕረት በእሳት አይጻፍም» አለና ወረቀቱን መለሰው። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ፈቃድ ወጥታ ነበር፤ እሷ ስትመለስ ዳኛው ስብሰባ ሄዱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትእዛዙ ታርሞ መጣ። ንጉሡ ሠ ገብቶለታል፤ ግን አራሚው እጁ ሞቆ ኖሮ መካከለኛዋንም ፊደል ነክቷት «ሣሕሉ» ብሏል፣ በሐመሩ ሐ።

በዚያ ሰዓት ስንቅ ልታቀብል የመጣችው የሣህሉ እህት እንግዳዬ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ እናታችን ከሰኞ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ሣህሉ፣ ሣህሉ ነው የምትለው።»

«ነገ ጠዋት እመልሰዋለሁ። በሳምንቱ ተስተካክሎ ይመጣል።»

«እሷ ሳምንት የላትም።»

«እህቴ፣ ሕግ ነው። ነገ ያልታዘዘ ሰው ቢወጣ አንቺ ልትታሰሪልኝ ነው?»

ከእሱ በፊት የነበረው መዝገብ ያዥ በአንዱ እስረኛ ፈንታ ስመ ሞክሼውን ፈትቶ ከሥራ ተባሯል፤ ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁለት መቶ ሠላሳው ሰው መካከል ሌላ ሣህሉ የሚባል አንድም አልነበረም። ታሳሪውን አስጠርቶ «ለመሆኑ አንተ ስምህን በየትኛው ነው የምትጽፈው?» ቢለው፣ ሰውየው እጁን አጣምሮ «ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናቴ ስትጠራኝም በየትኛው እንደምትጠራኝ አላውቅም» አለው። ያን ጊዜ ጸዳሉ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሰውየው የገባ ዕለት ንጉሡን ሠ መርጦ የጻፈለት እሱ ራሱ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ወረቀቱን ለጠዋት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ራቱን ሳይበላ፣ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ አንድ ሰፊ የጤፍ ማሳ ዳር ቆሞ ራሱን አገኘ። ማሳው መሐል አንዲት ረዥም ሴት ጎንበስ ብላ ታርማለች። አረሙን ስትነቅል ከጤፉ አንዲት ዘለላ እንዳትነካ ጣቷ ይጠነቀቃል፤ የነካች እንደሆነም ቆም ብላ አፈሩን መልሳ ታለብሳለች። ቀና ብላ አየችውና እንደሚያውቁት ሰው «መጣህ?» አለችው።

«እርስዎ ማን ነዎት፣ እመቤቴ?»

«እርማት እባላለሁ። ስሜን በየቀኑ «ማረሚያ ቤት» በሚለው በርህ ላይ ታነበዋለህ፣ መልኬን ግን አታውቀውም። ና፣ ቤቴን ላሳይህ።»

ተከትሏት ሄደ። ከማሳው ማዶ አንዲት ከተማ ተዘርግታ ነበር፤ መንገዷ የተጠረገ፣ ውኃዋ በየደጁ የሚወርድ፣ ሰዎቿም ፖሊስ ሲያዩ መንገድ የማይቀይሩ፣ ይልቁንም ቆመው ስለ ልጆቹ ጤና የሚጠይቁ ነበሩ። በከተማይቱ ዳር ዙሪያውን በአጭር ካብ የታጠረ ግቢ አለ። በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ የታሳሪ ስም በተጻፈ ቁጥር ከጎኑ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል።

«ይህ ሁለተኛው ስም የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የቆለፈበት ሰው ነው። በአገራችን ማንም ሰው ስሙን ሳያስቀምጥ ሌላ ሰው ላይ አይቆልፍም። ቁልፍ ባለቤት ይፈልጋል።»

ወደ ውስጥ ገቡ። ጠባቂው አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ይጠብቃል፤ የማን ሚስት እንደወለደች፣ ማን ሌሊት እንደሚቃዥ ያውቃል። የእግሩ ጫማ አዲስ ነው፤ ጸዳሉ ከሁሉም በላይ የቀናው በዚህ ነው። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ፍራሽ ያነጥፋሉ።

«እኚህስ ምን አጥፍተው ነው?»

«ዳኛ ናቸው። በእኛ ዘንድ ዳኛ ቀጠሮ ማራዘም ሲፈልግ አስቀድሞ አንድ ሌሊት እዚህ ያድራል። ዛሬ ያድራሉ፤ ነገ ቀጠሮው ያስፈልግ እንደሆነ ይወስናሉ።»

«ያስፈልጋል ይላሉ?»

«ከስንት አንዴ» አለች ሴትዮዋ፣ ሳትስቅ።

 እንዲህ ያለ አገር ከኖረ እኔ ሃያ ዓመት የት ነበርኩ? አለ ጸዳሉ በልቡ፤ ተናደደም። «የመፍቻ ትእዛዝስ ስህተት ሲኖርበት?» ሲል ጠየቀ። ሴትዮዋ ወደ በሩ ግንብ አመለከተችው። በድንጋዩ ላይ «በር ይቅደም፣ ፊደል ይከተል» ተብሎ ተቀርጿል።

ከሁሉ በስተኋላ አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። «ይህቺ የትርፍ ቀን ቤት ናት» አለችው። «ሰውን ከቀኑ ያሳለፈ ሹም ያሳለፈውን ያህል ቀን እዚህ ይተኛል።» ጸዳሉ በመስኮት ቢያይ ያማረ ካፖርት የለበሰ ሰው ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ደስ አለው። «ይበላቸው! የእኛዎቹንም ባየኋቸው!» አለ።

«ያቺ ባዶዋ ፍራሽ ትታይሃለች?» አለችው ሴትዮዋ።

ጠጋ ብሎ አየ። ራስጌዋ ላይ «ፀዳሉ አየነው፣ አሥራ ሁለት ቀን» ይላል። ዞሮ ወደ በሩ ሮጠ። በረኛው መዝገቡን ገለጠና በትሕትና «ይቅርታ፣ ጌታዬ፤ እዚህ የተመዘገበው ፀዳሉ ነው፣ በፀሐዩ ፀ። የመውጫ ወረቀትዎ ደግሞ ጸዳሉ ይላል፣ በጸሎቱ ጸ። ይመለስና ይታረማል» አለው።

«እኔው ነኝ እኮ! አየኸኝ አይደል? ያው ነው!»

«ምን አልክ?» አለች ሴትዮዋ ከኋላው።

«ያው ነው! ፊደሉ ምን ያደርጋል፣ ሰውየው አንድ ነው!»

«እስቲ ድገመው።»

ሊደግመው አፉን ሲከፍት ከካቡ ማዶ የእናቱን ድምፅ ሰማ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንደ ጥንቱ ስሙን እያስረዘመች ትጠራዋለች። ጆሮውን ካቡ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ በየትኛው ጸ እንደምትጠራው ግን ሊለይ አልቻለም። እያለቀሰ ነቃ።

ጎሕ ሲቀድ ወህኒ ቤቱ ደጃፍ ደረሰ። እንግዳዬ ቀድማው በሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ በእጇ ስንቅ የለም።  ገብቶ መዝገቡን ገለጠ፤ ሣህሉን አስጠራ፤ ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ ከነሐመሩ ሐ፣ ማኅተም መታበትና «እዚህ ላይ ፈርም» አለው። ሰውየው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተጫነ። ጸዳሉ አሻራውን ሲያየው ቆየ፤ ንጉሥም እሳትም የለበትም፣ የአንድ ሰው ጣት ብቻ ነው።

ሣህሉ እህቱን ከነነጠላዋ ሲያይ ገባው።  ዓይኑን መዝገብ ያዡ ላይ ተክሎ እህቱን «እስከ መጨረሻው ስትጠራኝ ነበር?» አላት።

«ስትጠራህ ነበር» አለች እንግዳዬ።

«በየትኛው እንደሆነ የሰማ አለ ወይ፣ ጌታዬ?» አለ ሣህሉ።

ጸዳሉ በሩን በገዛ እጁ ከፈተ። ሁለቱ በአቧራው መንገድ ወደ ለቅሶው ሲሄዱ ቆሞ አያቸው።

ያን ቀን ጠዋት በቆጠራ ሰዓት ጠባቂውም እስረኛውም በተሰለፈበት ወጥቶ ሕልሙን ከነጥፋቱ ተናገረ፤ ፊደሉን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፣ አሥራ ሁለት ቀን ዕዳ አለብኝ አለ። ከእስረኞቹ አንዱ «ታዲያ መቼ ነው የምትገባልን?» ቢለው ሳቅ ሆነ፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ በዚያው ምሽት ብርድ ልብሱን ይዞ ገብቶ «ዙር!» ሲባል አብሮ እየተገላበጠ አደረ፤ አሥራ ሁለቱንም ሌሊት እንዲሁ አደረገ። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ሕልሙን ከልብ አዳመጡት፤ በጣምም አዘኑ። በወሩ የታራሚዎች ስም ከእንግዲህ ወጥ በሆነ ፊደል እንዲጻፍ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙና ሰብሳቢነቱን ለጸዳሉ ሰጡት። አልቀበልም ብሎ ሥራውን ለቀቀ።

ዛሬ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻ ይጽፋል። ሊያጽፍ ለመጣ ሁሉ ሕልሙን ሳይነግር ብዕር አያነሣም፤ ሰው ይሰለቸዋል፣ እሱ አይሰለችም። እኔም የሰማሁት ከእሱ ነው። ይህን ልጽፍ ስነሣ «ሃምሳ አለቃ፣ ስምዎን በየትኛው ጸ ላድርገው?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ባሻህ ጻፈው» አለኝ፤ «ብቻ በሩን ክፈት።»