መርሳ የተቀመጠው ቅጂ

ኢሕሳን ወልድያ ከተማ ባለ አንድ የግል የልብ ክሊኒክ ውስጥ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የክሊኒኩ ኮምፒውተሮች ሲዘረፉ የበሽተኞቹ ፋይል ሁሉ አብሮ ሄዶ ነበር። ክሊኒኩ እንደገና ተከፍቶ እሷ ስትቀጠር ባለቤቱ ዶክተር ሞገስ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሁለተኛ ባዶ እጄን በሽተኛ ፊት እንዳልቆም አድርጊ።»

እቅድ አወጣች። ዋናው መረጃ ወልድያ ባለው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ መጠባበቂያ ቅጂው ደግሞ በየሳምንቱ በኢንተርኔት መርሳ ወዳለው ቅርንጫፍ ተልኮ እዚያ ትልቅ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። አንዱ ከተማ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል ብላ ነው። ቅጂው መኖሩ ብቻ ስለማይበቃም በየወሩ ጥቂት ፋይሎች ከዲስኩ ተመልሰው በትክክል መከፈታቸው እንዲሞከር ጻፈች።

የመርሳውን ሥራ ለዛኪር ሰጠችው። ዛኪር ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዋ ነው፤ አባቷ የሞቱ ጊዜ ከቀብር እስከ ሰደቃ ከቤታቸው አልጠፋም። ክሊኒኩም ያስገባችው እሷ ናት። ወር በመጣ ቁጥር ይደውልላታል።

«ሞከርኩት፤ ሁሉም ይከፈታል። አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

አንድ ሁለቴ ራሷ ሄዳ ለማየት አስባ ነበር። እንደ መጠርጠር ይቆጥርብኛል ብላ ተወችው።

ግንቦት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ሰርቨሩን አቃጠለው። ኢሕሳን ብዙም አልደነገጠችም፤ የተዘጋጀችው ለዚህ ቀን ነበር። አዲስ ኮምፒውተር ይዛ ወደ መርሳ ልትወጣ ስትል ዶክተር ሞገስ ጠሯት። ከውርጌሳ የመጣች ቡርቱካን የምትባል እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች።

«የዚህችን ልጅ ፋይል አስቀድሚልኝ» አሉ። «የአምናውን የልብ ምስል ከዛሬው ጋር ሳላስተያይ ለቀዶ ሕክምና ልላካት አልችልም።»

«ዛሬውኑ ይደርስዎታል፣ ዶክተር።»

ሚኒባስ ተሳፍራ ሲሪንቃን አልፋ መርሳ ደረሰች። ዛኪር ቢሮ አልነበረም። ጸሐፊዋ ክፍሉን ከፈተችላት፤ ኢሕሳንም ዲስኩን ይዛው ከመጣችው ኮምፒውተር ጋር አገናኘች። የበሽተኞቹ ቅጂ ከዓመት በፊት ቆሟል፤ የነበረውም አብዛኛው ተደምስሷል። በምትኩ ዲስኩን የሞላው የሰርግ ቪዲዮ ነው። ዛኪር ቅዳሜና እሑድ ሰርግ እንደሚቀርፅ ታውቃለች። የት እንደሚያስቀምጠው ግን ጠይቃው አታውቅም።

ወደ ታች ስትወርድ የራሷን ስም አየች። «የኢሕሳን ኒካህ» ይላል። ዛኪር በስጦታ የቀረፀላት፣ ስታየው ያለቀሰችበት ቪዲዮ ነው። እሱም በበሽተኞቹ ፋይል ቦታ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ዛኪር በሩን ከፍቶ ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ኮምፒውተሩን አየ።

«ለጊዜው ነበር» አለ። «ሌላ ዲስክ እስክገዛ ነው። ከዚያ… ምንም ስላልተፈጠረ ቆየ።»

«በየወሩ ሞከርኩት ስትለኝ የነበረውስ?»

ዛኪር ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዲስኩ ተበላሸ በያቸው። ዲስክ ይበላሻል፤ ማን ያውቃል? ለእኔ ብለሽ፣ ኢሕሳን። አብረን ስንት ዘመን በልተናል።»

ከውሸቱ ይልቅ ይህ ልመናው ባሰባት። አብረው የበሉትን አሁን ደግሞ ለዚህ ሊጠቀምበት ነው።

«እኔን ብቻ ቢሆን የዋሸኸው እተወው ነበር» አለችና ገመዱን ነቅላ ዲስኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ወልድያ ስትመለስ ለዶክተር ሞገስ የሆነውን አንድም ሳትሸሽግ ነገረቻቸው። አልተቆጧትም። መነጽራቸውን አውልቀው «ለእናትየዋ አብረን እንንገራት» አሉ። የልብ ምስል ማንሻው ማሽን ራሱ የያዛቸው የቅርብ ጊዜ ምስሎች ተርፈዋል፤ የአምናው ግን የለም። ልጅቷ እንደ አዲስ ምስል ተነስታ፣ ለማስተያየት ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ መታየት አለባት።

ቡርቱካን አዳምጣ ስትጨርስ ወደ ኢሕሳን ዞረች።

«አምና ምስሉን ስጡኝ ስል እኛ ጋ ይቀመጣል፣ አይጠፋም ያልሽኝ አንቺ አልነበርሽም?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ ቤቴ አስቀምጠው ነበር።» ልጇን አዝላ ወጣች።

ዛኪር ከሥራ ተሰናበተ። ከሳምንታት በኋላ ሁለት ሽማግሌ ላከባት። ኢሕሳን በአክብሮት ተቀብላ አስቀመጠቻቸው።

«አፉ ብየዋለሁ፣ አባቶቼ» አለች። «ለአላህ ብዬ። እንደ ድሮው ሁኑ ግን አትበሉኝ።»

ልጅቷ በነሐሴ መጥታ ታየችና ለቀዶ ሕክምና ተላከች። እግዜር ይስጥልን የሚለው የእናትየዋ መልእክት የደረሰው ለዶክተሩ ነው። ኢሕሳንም እቅዱን እንደገና ጻፈችው፤ ቅጂውን የሚጠብቀውና የሚሞክረው ሰው አንድ እንዳይሆን፣ የእሷንም ሥራ ዶክተሩ የመረጡት ሌላ ሰው እንዲያይ። ለክሊኒኩ ይህ በቂ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከባሏ ከዓሪፍ ጋር ወደ ሥራ ሲወጡ መንገድ ላይ ቆመችና የቤቱን በር መቆለፉን ጠየቀችው።

«ቆልፌዋለሁ አልኩሽ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ» አለችው። ተመልሳ ሄዳ እጀታውን ስባ እስክታይ ድረስ ዓሪፍ ሊሳፈሩበት የነበረው ባጃጅ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት።