የመሬቱ ሽቦ

ደግሞስ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ከፍቶት ቢሆንስ፣ አንድ ደግ ሰው፣ አንድ አዋቂ፣ ይሄ ሽቦ ምን ሆኖ ነው ተቆርጦ የቀረው ብሎ መልሶ ያሰረው፣ እንዲህ ያለ ሰው ጠፍቶ ያውቃል እንዴ፣ አዎ፣ ጠፍቶ ያውቃል፣ ይላል ሽቦ ለራሱ፣ ካቻቢቴውን ሦስተኛው ብሎን ላይ ተክሎ ሳያዞረው። ሽቦ ያለው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ግማሹ በሥራው፣ ግማሹ በቅጥነቱ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም የምትጠራው እህቱ ብቻ ናት። ያዙረው እንጂ፣ ብሎን ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲፈታ የኖረው ብሎን፣ እጁ ግን እንቢ አለ።

ሣጥኑ ፊቱ ተቀምጧል። በገዛ እጁ የሠራው የድምፅ ማጉያ ነው፣ ከአሮጌ ማቀዝቀዣ ቆርቆሮ የታጠፈ ሣጥን፣ ከተጣለ ቴሌቪዥን የወጣ ትራንስፎርመር፣ ማብሪያው ከልብስ ማጠቢያ፣ ለእህቱ ባል በስጦታ የሠራው። ስምንት ወር የእህቱ አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ ከረመና ዛሬ ጠዋት እትዬ፣ ያቺው እህቱ፣ ከማይኩና ከድምፅ ማደባለቂያው ጋር በአንሶላ ጠቅልላ አመጣችው፣ አንተው የሠራኸውን አንተው እየው፣ ቅዳሜ ልጄ በአባቷ ማጉያ ትዘፍናለች፣ ትምህርት ቤቱ ለመታሰቢያው ፈቅዶላታል፣ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ አለችና ሄደች። ሻይ እንኳ አልጠጣችም። ስድስት ሰዓት ላይ ወይ ይነግራታል ወይ አይነግራትም፣ ሦስተኛ መንገድ የለም፣ ስምንት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ፈልጎ አጥቶታል። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ብሎኑ ዞረ።

ክዳኑን ያነሳል። አለ፣ ምን ጠብቀህ ነበር። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ፣ የመሬቱ ሽቦ፣ ሣጥኑ ላይ ከታሰረበት ሁለት ጣት እልፍ ብሎ ተቆርጧል፣ ጫፉ ታጥፎ በጥቁር ናስትሮ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል፣ የናስትሮው መጨረሻ ደግሞ ትንሽ ተቆልምሞ ምላስ ተበጅቶለታል፣ በኋላ ለሚፈታው ሰው እንዲመች። በዚህ ከተማ ለናስትሮ ምላስ የሚያበጅ ሰው አንድ ነው። ጥንቁቅ ሰው፣ ደንበኞቹ እንዲህ ነው የሚሉት፣ ለሽቦ ስጡት፣ እሱ ጥንቁቅ ነው፣ ወይ ጥንቁቅ። ይሄ ሽቦ ሥራ የለውም፣ ድምፅ አይሰጥ፣ መብራት አያበራ፣ ዕድሜ ልኩን ቁጭ ብሎ ክፉ ቀን ይጠብቃል፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ስቶ የሣጥኑ ብረት ላይ ከወጣ እሱ ይዞት ወደ መሬት ይወርዳል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሰው ይተርፋል። ይሄንን ለስንቱ አስረድቷል፣ አንዲት ሴትዮ ምጣድ የሚያህል ራዲዮ ከነማንጠልጠያው ይዛ መጥታ ይሄ ሦስተኛ እግር ሶኬቴ አይገባም ቁረጥልኝ ስትለው እንዴት እንደጮኸባት፣ እናቴ፣ እግርዎን ቢቆርጡት ይሻላል ብሏት ነበር፣ ስቀው ተለያዩ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ነው ፉጨት የመጣው። ፉጨት የእትዬ ባል ነው፣ የሙዚቃ አስተማሪ፣ ስሙን ተማሪዎቹ ናቸው ያወጡለት፣ ደህና አደራችሁን በፉጨት፣ ዝም በሉን በፉጨት፣ ሚስቱ ስታኮርፈው እንኳ በፉጨት ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። ማጉያውን ከሁለተኛው ሣጥን፣ ከድምፅ ማደባለቂያው ጋር ሲያገናኙት እምምም ይላል፣ ማቆሚያ የለውም፣ እና ፉጨት በሩ ላይ ቆሞ፣ አንተ፣ ይሄ ማሽንህ ከእኔ ጋር ሁለተኛ ድምፅ ሊዘፍን ነው እንዴ፣ ይከፈለው ወይስ በነፃ ነው፣ ውጭ ደግሞ ጓደኞቹ መኪና ውስጥ እየጠበቁት ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ሰው ሰርግ ላይ እየጠበቀ ነው። ሽቦ አፈረ። እውነቱ ይሄው ነው፣ ሌላ ታሪክ የለውም፣ በራሱ ሥራ ፊት አፈረ፣ ሰርግ ላይ ይሄን ማን ሠራው ሲባል ስሙ እንዳይነሳ ፈራ፣ እና ፒንሳ አነሳና ቁርጥ። ጸጥ አለ። ፉጨት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው፣ ምን አድርገህ ነው፣ ኧረ ምንም፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ለጊዜው ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አምጣው በደንብ እሠራዋለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አራት ወር ሆነ። የሚሠራ ነገር ማን ይነካል፣ ፉጨት አላመጣው፣ እሱም አምጣ አላለው፣ በየእሁዱ አብረው ምሳ ሲበሉ ሣጥኑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸው ነበር፣ እነሱ ናቸው ያላዩት።

ያን ጊዜ ሁሉ ያተረፈው ሁለተኛው ሣጥን ነው። የእሱ የመሬት ሽቦ ደህና ነበርና በመሃላቸው ባለው ገመድ በኩል ለሁለቱም ይበቃ ነበር፣ ከስምንት ወር በፊት ግን አንድ ቀን ፉጨት፣ ለአንድ ማይክ ብዬ ሁለት ሣጥን ምን አሸከመኝ ብሎ ማደባለቂያውን እቤት ትቶት ሄደ። ዝናብ ጥሎ አባርቶ ነበር፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ እርጥብ ነው፣ የዓመቱ መዝጊያ፣ ወላጆች ወንበር ላይ፣ ፉጨት ማይኩን ያዘ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አለና ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ። ሁልጊዜ እየወደቀ ስለሚያስቃቸው ሳቁ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሳቁ ማንም አልነገረውም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፣ አባቱም በልቡ ነው የሞተው፣ ሁሉም አመነ፣ ሰው የሚያውቀውን ምክንያት ሲሰጡት ደስ ይለዋል። ስፒናውን የነቀለው ዘበኛ ግን ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ እኔንም ቆንጠጥ አድርጎኛል እኮ አለ፣ ለማንም አይደለም፣ ለጫማው ነው ያለው፣ ሽቦ ብቻ ሰማ። ሰማና ለመጣው ሰው ወንበር ሊያቀብል ተነሳ። ስምንት ወር ወንበር ሲያቀብል ኖረ ማለት ይቻላል።

ላይሆን ይችላል እኮ። እስካሁን የተቆረጠ ሽቦ ብቻ ነው ያየኸው፣ የመሬት ሽቦ የሌለው ስንት ዕቃ በየቤቱ አለ፣ ማንንም አልገደለም፣ ልብ ደግሞ ልብ ነው፣ ራስህን እስኪ ፍርድ ቤት አታቁም፣ መጀመሪያ ለካው። ቴስተሩን ያነሳል። ስፒናውን ይሰካል፣ አንዱን መርፌ ከሱቁ ጀርባ ራሱ መሬት ውስጥ ከቀበረው ብረት ጋር ያገናኛል፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ ያሳርፋል፣ በጥንቃቄ፣ በናስትሮ በተጠቀለለ እጀታ፣ ቮልቱን ያነባል። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። መርፌውን አንስቶ እንደገና ያሳርፋል። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ሲሠራው የኃይል ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አላደረገም፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ሽፋኑን እየገዘገዘ መዳቡን አውጥቶታል፣ መዳቡ ሣጥኑን ነክቷል፣ ሣጥኑ ማይኩን። ሁለቱም ጥፋት የእሱ ነው፣ ለሌላ ሰው የተረፈ የለም። ማይኩ ከግራ እጁ አንድ ስንዝር ላይ ነው፣ የሲሚንቶው ወለል በጫማው ውስጥ ይቀዘቅዘዋል፣ እንዲህ ቅርብ ነው ለካ፣ ምንም ጉልበት አይጠይቅም፣ ከዚያስ፣ ከዚያ እትዬ ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ ሁለተኛ ሬሳ ታንሳ፣ ደህና አድርገህ ትክሳታለህ፣ ጎበዝ። ስፒናውን ይነቅላል። የመበየጃ ካውያውን ያሞቃል።

ሥራ ነው፣ ሥራ ሲሠራ ሰው ሰው ይመስላል። የተገዘገዘውን ገመድ አውጥቶ ይጥላል፣ አዲስ ያስገባል፣ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት፣ የመሬቱን ሽቦ ሣጥኑ ላይ በብሎን፣ ብሎኑ ላይ ሁለተኛ ብሎን፣ ይጎትተዋል፣ አይነቃነቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁለቱን ሣጥኖች ያገናኛል፣ ይሰካል፣ እምምም። ይኸው መጣ፣ ያው ድምፅ፣ አሥራ አራት ወርና ስምንት ወር ተቆርጦ ቆይቶ ምንም ያልሆነ፣ ዕድሜ የማይጨምር። አሁን ግን ማንም በሩ ላይ የለም፣ ጥሩንባ የሚነፋ የለም፣ ሽቦ ወንበሩን ይስብና ያስባል፣ እንደ ባለሙያ፣ ረጋ ብሎ፣ ሁለቱም ሣጥን መሬት አለው፣ በመሃላቸው ገመድ አለ፣ ስለዚህ የተዘጋ ዙሪያ ሠርቷል፣ በዙሪያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሽከረከራል፣ እምምም የሚለው እሱ ነው፣ ጅረቱን የሚያሰንፍ ነገር ያስፈልጋል፣ ሣጥኑ መሬት እንደያዘ ይቆይ፣ የድምፁን ሰሌዳ ብቻ ከሣጥኑ በትንሽ ሬዚስተር ማለያየት፣ አሥር ኦም። ያውቀዋል። ድሮም ያውቀው ነበር፣ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍ ላይ ልጅ ሆኖ አንብቦታል፣ በእርሳስ አስምሮበታል። ከወተት ዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ ሬዚስተሯን ያወጣታል፣ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፣ መቶ የሚሆኑ አሉ፣ ያን ቀንም ነበሩ፣ እዚሁ መደርደሪያ ላይ፣ ከፒንሳው አጠገብ። ይበይዳታል። ይሰካል።

ምንም የለም። ጆሮውን እስፒከሩ ላይ ይለጥፋል፣ ምንም፣ የገዛ ትንፋሹ ብቻ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል፣ ወንበሩን ከሳበበት እስካሁን ዘጠኝ ደቂቃ። ቁጭ ይላል፣ ፊቱን በእጁ ይዞ ያለቅሳል፣ በቃ ያለቅሳል፣ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው በሩን እንኳ ሳይዘጋ። ጓደኞቹ መኪና ውስጥ ዘጠኝ ደቂቃ ቢጠብቁ ምን ይሆኑ ነበር፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ሙሽራዋ ዘጠኝ ደቂቃ ብትዘገይ ማን ይጠይቅ ነበር።

አሁን ግን ሁሉም ተስተካክሏል እኮ፣ ተመልከት፣ የተቆረጠው የለም፣ ገመዱ ቆሻሻ ውስጥ ነው፣ ሐኪሙ ልብ ብሎ ጽፏል፣ ልጅቷ ቅዳሜ ደህና ነች፣ ሆድ ይፍጀው፣ ብትነግራት ለማን ነው የምትነግራት፣ ለእሷ ወይስ ለራስህ፣ ሸክምህን ባሏን የቀበረች ሴት ላይ ልታራግፍ፣ ደግሞ ማናት እሷ፣ እናትህ ስትሞት ቀሚሷን አሳጥራ ሸሚዝ የሰፋችልህ፣ በጀርባዋ አዝላ ትምህርት ቤት ያደረሰችህ፣ ይሄ ነው ውለታዋ። ባትነግራትስ፣ ባትነግራት በየእሁዱ ሄደህ በሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጎርሳለህ። እሷም ብላ ትልሃለች፣ ከስተሃል፣ ብላ።

አልጨረስክም እንዴ፣ ትላለች እትዬ፣ ገብታለች፣ ሰዓቱ ስድስት ነው። ጨርሻለሁ። ዓይንህ ምን ሆነ፣ የብየዳው ጭስ ነው፣ መነጽር አድርግ ስንት ጊዜ ልንገርህ፣ እስቲ አሰማኝ። ማይኩን አንስታ ትይዘዋለች፣ በባዶ እጇ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ትላለች፣ አፍራ፣ ሱቁ በእሷ ድምፅ ይሞላል፣ በመሃል ምንም ሌላ ነገር የለም። ኧረ እንዴት ጠርቷል፣ እሱ በነበረ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልነበረም፣ እጅህ ይባረክ ወንድሜ። ማጥፊያውን ትጫናለች፣ ገመዱን በአውራ ጣቷና በክርኗ መሃል መጠቅለል ትጀምራለች፣ ፉጨት ያስተማራት አጠቃለል ነው።

እትዬ፣ ልቡ አይደለም። ምኑ። ፉጨት፣ ልቡ አይደለም የገደለው፣ እዚህ ውስጥ አንድ ሽቦ ነበር፣ ሰውን ከኤሌክትሪክ የሚያተርፍ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ብዬ፣ ለጊዜው ብዬ፣ ከዚያ ረሳሁት፣ አልረሳሁትም፣ ተውኩት። እጇ አንድ ዙር ይጠቀልላል፣ ሌላ ዙር፣ ይቆማል። ውጭ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ ያልፋል። ቅዳሜ ልጄን ይይዛታል፣ ትላለች። አይይዛትም፣ ሠርቼዋለሁ። ማልልኝ። በእናታችን። ሽቦውን ሳትቆርጥ ድምፁን ለማጥፋት ስንት ሰዓት ፈጀብህ። ምን ይበላት፣ ዛሬ እንኳ ይዋሽ፣ ቀኑን ሙሉ ይበላት፣ አይችልም፣ ዘጠኝ ደቂቃ ይላታል።

እትዬ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ገመዱ ክርኗ ላይ እንደተጠመጠመ። አታለቅስም፣ ብታለቅስ ይሻለው ነበር፣ ብትመታው፣ ካቻቢቴው እዚያው ነው። ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ትላለች፣ ድምፁ የእሷ አይመስልም፣ ያለኝ ወንድም ደግሞ አንድ ነው፣ እሱንም ዘንድሮ መቅበር አልችልም፣ ስለዚህ አልሰማሁም፣ ገባህ፣ ምንም አልነገርከኝም፣ ለልጄ አትነግራትም፣ ለቄስ አትናገርም፣ እኔ ስሞት እንኳ መቃብሬ ላይ መጥተህ አትናገር፣ ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል፣ ልቡ ነው። እትዬ። ልቡ ነው። ይቅር በይኝ ሊላት አፉን ይከፍታል፣ ይቅርታ የሚባለው ለተሰማ ነገር ነው፣ ይዘጋዋል። ተነስተህ ተሸከምልኝ፣ ታክሲው እየጠበቀ ነው።

ሁለቱን ሣጥኖች በአንሶላው ይጠቀልላል፣ ይሸከማል፣ ከፊት ትሄዳለች፣ ከኋላ ይከተላታል፣ መንገዱ ላይ የሚያውቁት ሰላም ይሏቸዋል፣ ሁለቱም ሰላም ይላሉ። ጥቅሉን ታክሲው ኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ እንዳይወድቅ በእጇ ትይዘዋለች፣ በሩን ይዘጋላታል። ሾፌሩ ሞተር ያስነሳል። እትዬ ፊት ለፊት ታያለች። ልጅቷ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትዘፍን አልነገረችውም፣ መስኮቱን አንኳኩቶ ሊጠይቃት እጁን ያነሳል፣ ታክሲው ይንቀሳቀሳል፣ እጁን ኪሱ ይከተዋል።