ዝም ካልሽ አዞራለሁ

ቶሌራ ዲሽ ሊተክል ግማሽ ቀን የፈጀበት በሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ በራሱ ነው። ባምባሲ ከተማ ውስጥ የሞተር ሳይክል ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ሰው፣ በስልኩ ሁለት ቪዲዮ ስላየ ብቻ፣ "ለዲሽ ሠራተኛ ብር አልከፍልም፤ ምን ይከብዳል?" ብሎ ቆርቆሮ ላይ ወጣ። ከወጣም በኋላ የጎረቤቱን የሙዐዊያን ዲሽ ቀና ብሎ አየና የራሱን በዚያው ልክ ወደ ምዕራብ አዞረው።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ዲሽ አይቶ የቤቱን ባለቤት ይገምታል። የሱዳንና የአረብ ጣቢያ የሚከፍተው ቤት ዲሹ ወደ ምዕራብ ያያል፤ የአዲስ አበባን ዜናና ድራማ የሚከታተለው ደግሞ ወደ ምሥራቅ። ሙዐዊያ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ድረስ እየተመላለሰ የሚነግድ የበርታ ሰው ነው። ቶሌራ ይህን አንዴም ሳያስብ፣ የአዲስ አበባን ጣቢያ ፍለጋ እስከ እኩለ ቀን ድረስ በተሳሳተ ሰማይ ላይ ሲዳክር ዋለ። መሰላሉን የያዘለት ራሱ ሙዐዊያ ነበር፤ በመጨረሻ ሳቁ አመለጠው።

"ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አንተ የእኔን ዲሽ አየህ፣ ቀዳህ። የእኔ ዲሽ አረብ ነው የሚያመጣ። አዲስ አበባ በዚያ ነው፣ ፀሐይ የሚወጣበት።"

"እና ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ አልጠየቅህም። እኔ አልኩ፣ ቶሌራ አረብኛ ጀመረ፣ ማሻአላህ።"

ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ቀነኒም ሳቀች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ስትስቅ ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች።

ቀነኒ የቶሌራ ሚስት ከሆነች ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ በፊት የታላቅ ወንድሙ የሁንዴ ሚስት ነበረች። ሁንዴ ልጃቸው ቢሊሴ ገና ዳዴ ስትል፣ ወርቅ ሊቆፍር በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። መጀመሪያ ይደውል ነበር። ከዚያ እዚያ ጦርነት ተነሣና ድምፁ ጠፋ። በኋላ አንድ አብሮት ሲቆፍር የነበረ ሰው መጥቶ፣ ሁንዴ የተሳፈረበት መኪና ሲቃጠል በዓይኔ አየሁ አለ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ ድንኳን ግን ተተከለ፣ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ቀነኒም ጥቁር ለበሰች።

ጥቁሩን ስታወልቅ የቤተሰቡ ሽማግሌ ኦቦ ነገሪ መጡ። ወላጆቻቸው ከወለጋ ይዘውት የመጡት ልማድ አለ፤ ወንድም ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ይወርሳል፣ ልጅ ባዕድ ቤት እንዳያድግ። ቤተ ክርስቲያናቸው ነገሩን አልወደደውም፤ አልከለከለውምም። ቀነኒ ሦስት ጊዜ እምቢ አለች። በአራተኛው አማቷ አዴ ደራርቱ፣ "አንቺ ከሄድሽብኝ ሁንዴ ሁለተኛ ሞተብኝ ማለት ነው" ብለው ሲያለቅሱባት እሺ አለች።

እውነት ለመናገር ቶሌራ ክፉ ባል አልሆነባትም። አይጠጣም፣ አይሳደብም፤ ቢሊሴን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ገበያ ይዞራል። ቀነኒ ልትወደው ስትጀምር መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ማፈሩንም ተወችው። ይህንን ቴሌቪዥን የገዛው ለእሷ ነው፤ ስትወልድ ቤት ስለምትውል እንዳይደብራት ብሎ።

"እንግዲህ በምሥራቅ ልጀምር ነው" አለ ከላይ። "ቀስ እያልኩ አዞራለሁ፤ አንቺ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሲግናል ቁጥር ጥሪልኝ። ምስሉ ሲመጣ 'ያዝ' በይ። ዝም ካልሽ የለም ማለት ነው፣ ማዞሬን እቀጥላለሁ።"

"እሺ።"

"አሁንስ?"

"ባዶ።"

"አሁን?"

"አሥር። ሃያ። ሠላሳ አምስት..."

ምስሉ እየተቆራረጠ መጣ፤ አፍ ግንባር ላይ ሆኖ፣ ድምፁም እንደ ስቅታ እየተቋረጠ። ከዚያ ጥርት አለ። የሰባት ሰዓት ዜና ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ባለፈው ሳምንት ከሊቢያ የተመለሱ ወጣቶች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ግራጫ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ቀነኒ "ያዝ" ልትል አፏን ከፈተች። በዚህ መሐል ጋዜጠኛዋ ማይክራፎኑን ለአንድ ከሲታ፣ ጢማም ሰው ደቀነችለት። ሰውዬው ከመናገሩ በፊት የግራ ጆሮውን ጎተተ።

ይህንን ጆሮ አጎታተት ቀነኒ ታውቀዋለች። እሷን ለጋብቻ ሊጠይቃት የመጣ ቀንም እንዲሁ ሲጎትተው ነበር። ከሥሩ ስሙ ተጽፏል፤ ሁንዴ ፈየራ።

"ቤተሰብ እየጠበቀህ ነው?" አለችው ጋዜጠኛዋ።

"ባለቤቴ አርፋለች" አለ ሁንዴ። "ቀነኒ ትባላለች። እኔ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቼ ሊቢያ እስር ቤት ሳለሁ ነው ያረፈችው። ስፈታ ደወልኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ቶሌራ ነው ያረዳኝ። በስልክ አብሮኝ አለቀሰ። አንድ ልጅ አለችኝ፣ እሱ ነው የሚያሳድግልኝ። ወንድሜ ባይኖር ልጄ ሜዳ ላይ ትወድቅ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው።"

እንዲህ ያለ ነገር በሬዲዮ ድራማ ቢቀርብ፣ ተራኪው ራሱ "ይህስ በዛ" ይለው ነበር። ቀነኒ ግን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከሰማይ በወረደ የጠራ ድምፅ፣ መሞቷን ሰማች።  ሁለት እጇ ሆዷ ላይ እንዳለ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

"ቀነኒ፣ መጣ?" አለ ቶሌራ ከላይ።

ከሥሩ የተጻፈውን ስም ደግማ አነበበች።

"መጣ ወይ?"

ዝም አለች። ዝም ካለች ደግሞ የለም ማለት ነው፤ ቶሌራ አዞረ። የሁንዴ ፊት ተሰነጣጠቀ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን ተበተነ፣ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና "ሲግናል የለም" የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ።

ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" የሚለው ሙዐዊያ በበሩ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ቀነኒ፣ አንተ ለምን ዝም አለህ? ፊትህ አመድ ሆነ። ልጅ ነው? ልጅ መጣ?"

"ደህና ነኝ" አለች። ድምፁ የእሷ አልመሰላትም።

ሕልም ነው እንዳትል ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል። ተሳስቻለሁ እንዳትል ስሟን ጠርቶታል። ያኔ ነው አንድ የተረሳ ቀን ትዝ ያላት። ከተጋቡ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ምሳ እየበሉ የቶሌራ ስልክ ጮኸ፤ ቁጥሩን አይቶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። "የተሳሳተ ቁጥር ነው" አለ፣ እጁንም ታጠበ። በማግስቱ የእሷንና የእናቱን ሲም ካርድ ከስልካቸው አወጣና አዲስ አመጣላቸው፤ ይኼኛው መስመር ይሻላል ብሎ። የእሱን ግን አልቀየረም፤ ደንበኞቼ የሚያውቁት ነው አለ። እሷም አመሰገነችው። አዎ፣ አመሰግናለሁ ነው ያለችው። ያን ዕለት አመስግናው ወጥ ጨመረችለት።

ወራቱን በጣቷ ቆጠረች። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ የተጸነሰው ከዚያ ስልክ በኋላ ነው። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ሆነ። ቶሌራ ያን ሁሉ ሌሊት አጠገቧ ሲተኛ ወንድሙ በሕይወት እንዳለ ያውቅ ነበር። 

"መልሰው!" አለች ድንገት። "መጥቶ ነበር። ወደ ኋላ መልሰው።"

"ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ?"

ቶሌራ እያጉረመረመ መለሰው። ዜናው ስለ ማር ምርት ሆኗል። "ያዝ" አለች። ብሎኑን አጥብቆ፣ ላቡን እየጠረገ ወረደ፤ ቴሌቪዥኑን ሲያይ ዘመን እንደተለወጠለት ሰው ፈገግ አለ። ልታንቀው ትችል ነበር። ልትጮህም ትችል ነበር። ግን የሞተ ሰው "አልሞትኩም" ብሎ ቢጮህ ምስክር ይጠየቃል፤ ቶሌራም "እርግዝና ነው፣ ሙቀት ነው" ይላል፤ ሰውም ያምነዋል፤ ይወደዋላ። የቀኑ ዜና በአሥራ አንድ ሰዓት እንደሚደገም ደግሞ ስክሪኑ ሥር ሲያልፍ አነበበች።

"እናትህንና ኦቦ ነገሪን ጥራቸው" አለችው። "አዲስ ዕቃ ገብቶ ሳይመረቅ አይሆንም።"

ደስ አለው። ራሱ ሄዶ ጠራቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ሙሉ ነበር። አዴ ደራርቱ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ኦቦ ነገሪ ከአጠገባቸው፣ ሙዐዊያ በሩ ላይ፤ ቢሊሴ የአያቷ ጉልበት ላይ። ኦቦ ነገሪ መረቁ፤ በሰላም እዩበት፣ ክፉ ዜና አያሰማችሁ አሉ። ቶሌራ ኳስ ሊከፍት እጁን ዘረጋ፤ ሪሞቱ ግን ቀነኒ እጅ ነበር።

"ዜና ነው የምናየው።"

"አንቺ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ዜና?"

"ከዛሬ።"

አውሮፕላን ማረፊያው መጣ። ብርድ ልብሶቹ፣ ማይክራፎኑ፣ ጆሮውን የጎተተው ሰው። አዴ ደራርቱ ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ድምፁን ሲሰሙ ግን ቢሊሴን ከጉልበታቸው አውርደው ተነሡ። አልጮሁም። ሄደው መስታወቱን በመዳፋቸው ነኩት፤ ሌላው ሰው የሚያየው በጣቶቻቸው መሐል ሆነ። ሁንዴ ሚስቱ እንዳረፈች ተናገረ። ስሟን ጠራ። ወንድሙን አመሰገነ። "እግዚአብሔር ይስጠው" ሲል ቴሌቪዥኑን የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያዩት ቶሌራን ነው።

"ላኢላሃ ኢለላህ" አለ ሙዐዊያ ቀስ ብሎ።

ኦቦ ነገሪ ሊነሡ ከዘራቸውን ተደገፉ። ያጋቧቸው እሳቸው ናቸው፤ የመረቁት እሳቸው ናቸው። ከዘራቸው ከእጃቸው አምልጦ ወደቀ፤ የሚያነሣው ሰው አልነበረም።

ቶሌራ ግድግዳውን ተደገፈ። የተናገረው ለቀነኒ ብቻ ነው። "ገና መሣቅ መጀመርሽ ነበር" አለ። "ይወስድሽ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። በየቀኑ ልነግርሽ እነሣለሁ፤ በየቀኑ እተወዋለሁ።"

"ስልክህን" አለች ቀነኒ።

"ቀነኒ..."

"ስልክህን ስጠኝ። ቁጥሩ አለህ።"

ሰጣት።  "ሐሙስ ደውሎ ነበር" አለ፤ "'ጎማ አዲስ አበባ' የሚለው ነው።" ወንድሙን ጎማ ብሎ መዝግቦታል። ቀነኒ ይህንን አንብባ ደወለች፣ ድምፁንም ሁሉም እንዲሰማው አደረገችው።

ሦስት ጊዜ ጠራ።

"ሄሎ ቶሌ" አለ ሁንዴ፤ የደከመ፣ የዋህ ድምፅ ነው። "ዛሬም አላስቸገርኩህም? የመቃብሯን ፎቶ አነሣህልኝ?"

አዴ ደራርቱ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

"ሁንዴ" አለች ቀነኒ። "ቀነኒ ነኝ። አልሞትኩም። መኪናው ውስጥ ተቃጠልክ ብለውን እኛም አንተን አልቅሰንሃል።"

 ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከሩቅ ደግሞ የአዲስ አበባ መኪና ጥሩምባ። ቢሊሴ "ማነው?" አለች፤ አያቷ ወደ ራሳቸው ሳቧት። 

"ቢሊሴስ?" አለ በመጨረሻ።

"ደህና ናት። እዚህ ናት።"

"ቶሌራስ? እዚያ አለ?"

ቀነኒ ቀና ብላ ቶሌራን አየችው። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ጣቶቹ የብሎኑ ግራሶ እንዳለባቸው ናቸው። ሌላ ቃል ፈለገች፤ ለስለስ የሚል፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ሊነገር የሚችል። ነገር ግን በዚህ ቤት ውስጥ የተዋሸው በቃ።

"አለ" አለችው። "ባሌ ነው።"

ሁንዴ ስልኩን አልዘጋውም። ቀነኒም አልዘጋችውም።